የሰሜን ብርሃን ስስል አረንጓዴ እባብ ይሆንብኛል

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አምስቱ ስለ አንድ ነገር ሆነው አገኘኋቸው፣ ሰማይ ላይ ስለሚወዛወዘው የሰሜን ብርሃን፣ አውሮራ ስለሚባለው። ስለዚ ስለ ፊት አሳሳል የጠየቃችሁኝ ልጆች ለሚቀጥለው ወር ትንሽ ታገሱኝ፣ ዛሬ ሙሉውን ገጽ ለሱ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ላንተ ይሁን። ካናዳ ኤድመንተን ነው የምኖረው፣ ባለፈው ከ9 ዓመት ልጄ ጋር ከከተማ ወጣ ብለን ኤልክ አይላንድ ፓርክ ሄደን አውሮራ አየን፣ እኔማ እንባዬ መጣ። በማግስቱ አክሪሊክ ቀለምና ሸራ ገዛንና ለመሳል ቁጭ አልን፣ የኔም የሱም አረንጓዴ እባብ ሰማይ ላይ የተኛ ነው የሚመስለው፣ ልጄ እንደውም ተስፋ ቆርጦ ዓይን ጨመረለት። ምኑ ጋ ነው የተበላሸብን? ሥዕል ተምሬ አላውቅም። (ብርድ የለመደች እናት)

መልስ፦ እህቴ መጀመሪያ የልጅሽን ሥዕል እንዳትጥይው፣ ዓይን ያለው አውሮራ ቢሰጠኝ እኔ ራሴ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ።

ወደ እባቡ ስንመጣ፣ ሥዕላችሁን ባላየውም ምን እንዳደረጋችሁ ገብቶኛል፣ ምክንያቱም እኔም አድርጌዋለሁ። አረንጓዴ ቀለም በብሩሽ ነክራችሁ ከግራ ወደ ቀኝ እየተጥመዘመዘ የሚሄድ ወፍራም መስመር ሰራችሁ፣ ከዛ እንዲለሰልስ ብላችሁ ከላይም ከታችም ጠርዙን እኩል አደበዘዛችሁት፣ አይደል? ከላይና ከታች እኩል የሆነ ነገር ደሞ ቱቦ ነው፣ ቱቦ ሲጠማዘዝ እባብ ነው። አውሮራ ግን ታችና ላዩ ለየቅል ነው።

ነጠላ አስቢ። ነጠላ ገመድ ላይ ተሰጥቶ፣ ጥለቱ ወደ ታች ሆኖ ንፋስ ሲያወዛውዘው። ጥለቱ ጋ ቀለሙ ድምቅ ያለ፣ ጠርዙ ቁልጭ ያለ ነው፣ ወደ ላይ ስትሄጂ ግን ሸማው ስስ ስለሆነ ከጀርባው ያለው ሁሉ ያሳልፋል። አውሮራም በቃ እሱን ነው፣ ከታች ድምቅ ብሎ ይጀምርና ወደ ላይ እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ የት ጋ እንዳለቀ ሳታውቂው ጨለማው ውስጥ ይጠፋል። ምክንያትም አለው፣ ከላይ የሚመጡት ኤሌክትሮኖች የምድርን የማግኔት መስመር ይዘው ሲወርዱ መጀመሪያ የሚያገኙት አየር በጣም ስስ ነው፣ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ ሲደርሱ ግን አየሩ ወፈር ብሎ ያስቆማቸዋል፣ ስለዚ ብርሃኑ እዛ ጋ ቁርጥ ይላል፣ ከዛ በላይ ግን 200፣ 300 ኪሎ ሜትር ድረስ እየደከመ ይቀጥላል። ሌላው ደሞ እናንተ ሰፈር የማግኔት መስመሮቹ ወደ መሬት ሊቆሙ ምንም ባልቀራቸው አኳኋን ስለሚገቡ ጨረሮቹም ቆመው ነው የሚታዩት። እና ብሩሽሽ የሚሄደው በእባቡ ርዝመት ሳይሆን ከታች ወደ ላይ ነው። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይዘሽ የምትሄጂ ከሆነ ይሄን ያዢ።

አሁን አሰራሩ። ሸራውን በሙሉ መጀመሪያ አጨልሚው፣ ጥቁር ቀለም ከቲዩብ አውጥተሽ እንዳትቀቢ ግን፣ እሱ ሰማይ ሳይሆን ቀዳዳ ነው የሚመስለው። አልትራማሪን ሰማያዊና ጥቁር ቡናማ ደባልቂ፣ ወደ አድማሱ ስትወርጂ ትንሽ ሰማያዊውን አብዢው። ይድረቅ፣ ሻይ ጠጡ። ከዛ በነጭ ጠመኔ በስሱ የጥለቱን መንገድ ብቻ ንደፊ፣ አንድ የላላ መስመር፣ አንድ ቦታ ወደ ራሱ እጥፍ የሚል ቢሆን ጥሩ ነው። አረንጓዴውን ፍታሎ ግሪን የሚባለውን ከገዛሽ ብቻውን እንዳትጠቀሚው፣ የፕላስቲክ ጆግ ቀለም ነው፣ ሎሚ ቢጫና ጥቂት ነጭ ጨምሪበት።

አክሪሊክ ቶሎ ይደርቃል፣ ጀማሪን የሚያስለቅሰው እሱ ነው፣ ሙሉውን መስመር ቀብተሽ ወደ መጀመሪያው ስትመለሺ ድንጋይ ሆኖ ይጠብቅሻል። ስለዚ በ5 በ5 ሳንቲ ሜትር ሂጂ። አምስት ሳንቲ ሜትር ጥለት ላይ ቀጭን ቀለም አድርጊ፣ ወዲያው ሌላ ንጹህና ደረቅ ጠፍጣፋ ብሩሽ አንስተሽ ከመስመሩ ወደ ላይ ጎትቺ፣ እየጎተትሽ እጅሽን አንሺ፣ ብሩሹን በሶፍት ጥረጊ፣ ቀጥይ። አንዱን ጨረር አስረዝሚው፣ አንዱን አሳጥሪው፣ እኩል ከሆኑ የአጥር እንጨት ነው የሚመስሉት። መስመሩ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ደሞ በደንብ አድምቂ፣ ነጠላ ሲደራረብ አይወፍርም? ብርሃኑም እንደዛ ነው፣ እጥፋቱ ላይ ሁለት ሽፋን አሳልፈሽ ስለምታዪ ይደምቃል። ሲደርቅ በውሃ በቀጠነ ቀለም አንዴ ድገሚው፣ አንዴ ሰርቶ የሚያምርለት ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ኮከቡን በጥርስ ብሩሽ፣ ነጭ ቀለም በውሃ አቅጥነሽ በአውራ ጣት ርጭት፣ መጀመሪያ ግን ጋዜጣ ላይ ሞክሪው፣ አለበለዚያ ኮከብ ሳይሆን በረዶ ይዘንብብሻል። አውሮራው ላይ ኮከብ ቢያርፍ እንዳትደነግጪ፣ ብርሃኑ ስስ ስለሆነ ኮከቦች በውስጡ ያልፋሉ።

መሬቱ መጨረሻ ነው። እዛ ፓርክ ተራራ የለም፣ ስለዚ ለመሬት ከሸራው አንድ አምስተኛ ብቻ ስጪው፣ ሰማዩ ይንገሥ። ስፕሩስ የሚባሉትን ጥድ መሰል ዛፎች በጥቁር ብቻ አቁሚያቸው፣ ግን እንደ ሚስማር አትደርድሪያቸው፣ ሁለቱን አጠጋጊ፣ አንዱን ለብቻው ወዲያ አድርጊ፣ አንዱ ጫፉ ይሰበር። ፓርኩ ውስጥ ያለውን አስቶቲን ሐይቅን ካስገባሽና በረዶ ከሆነ፣ በረዶው ነጭ እንዳይሆን! ማታ በረዶ የሚወስደው የሰማዩን ቀለም ነው፣ ደብዛዛ ሰማያዊ ላይ አረንጓዴ ጠብ ያለበት፣ ከጥለቱ ግን ሁልጊዜ የጨለመ። ሥዕሉ ውስጥ ከጥለቱ የሚደምቅ ነገር ከኖረ ጥለቱ ይሞታል።

አንድ ልረሳው ስል፣ አውሮራውን ከዛፍ ጀርባ እንደ ጭስ እየወጣ እንዳታደርጊው። የመንገደኛ አውሮፕላን የሚበረው 10፣ 11 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፣ ይሄ ከዛ ወደ አስር እጥፍ ከፍ ይላል። ደመና ካለ ደመናው ፊት ይሆናል፣ አውሮራው ከኋላ።

ጥያቄ፦ እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ አስረኛ ክፍል። የምትሉት አክሪሊክ ምናምን ውድ ነው፣ እኔ ያለኝ ባለቀለም ጠመኔና ጥቁር ካርቶን ብቻ ነው። ደሞ አውሮራ አይቼ አላውቅም፣ ፎቶ ብቻ ነው። ያላዩትን መሳል ማጭበርበር አይደለም ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ ጥቁር ካርቶን ያለው ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል፣ ከላይ ያለችው እህታችን ሸራ ለማጨለም ስንት ሰዓት የፈጀችበትን አንተ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ጨለማውን ተሠርቶ ገዛኸው።

የማሳይህ ዘዴ ለኔ ከሁሉም የምወደው ነው። ከደብተር አንድ ወረቀት ቅደድ፣ በመቀስ ሳይሆን በእጅህ፣ ጠርዙ እንዲወዛወዝ አድርገህ፣ ይሄ የጥለቱ መስመር ይሆናል። የተቀደደው ጠርዝ ላይ አረንጓዴ ጠመኔ ጫን አድርገህ ቀባ፣ ወረቀቱ ላይ ነው፣ ካርቶኑ ላይ አይደለም። ከዛ ወረቀቱን ካርቶኑ ላይ አስቀምጥ፣ ባለጠመኔው ጠርዝ ወደ ላይ ሆኖ፣ በግራ እጅህ ያዘው እንዳይንቀሳቀስ፣ በቀኝ እጅህ ጣት ወይም ጥጥ ከወረቀቱ ወደ ካርቶኑ ወደ ላይ ወደ ላይ ጥረግ። ወረቀቱን ስታነሳ ታች ቁልጭ ያለ፣ ወደ ላይ የሚጠፋ መጋረጃ ታገኛለህ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን እንደ ሕፃን ነው የሳቅሁት። ወረቀቱን ትንሽ ወደ ጎን አንቀሳቅሰህ በሌላ ቀለም ድገመው፣ ሁለተኛው መጋረጃ ከመጀመሪያው ደብዘዝ ይበል፣ ያኔ ሩቅ ይመስላል።

የትምህርት ቤት ጠመኔ ቀለሙ ደካማ ነው፣ ስለዚ ሁለት ሦስት ጊዜ መደራረብ አለብህ። ተራራውን ለመሥራት ደሞ ምንም አትጨምር፣ ካርቶኑ ራሱ ጥቁር ነው፣ በላጲስ ከታች ያለውን ብናኝ በተራራ ቅርጽ አጥፋው በቃ፣ ጫፉ ላይ በነጭ ጠመኔ አንድ ቀጭን መስመር ለበረዶ። ሲያልቅ እንዳይራገፍ የጸጉር ስፕሬይ ከ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ነስነስ አድርግበት፣ ትንሽ ያጠቁረዋል፣ ስለዚ ከመንፋትህ በፊት ካሰብከው በላይ አድምቀው።

ስለ ማጭበርበሩ። ፍሬድሪክ ቸርች የሚባል አሜሪካዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1865 የሳለው ትልቅ የአውሮራ ሥዕል አለ፣ ዋሽንግተን የስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው ያለው፣ በረዶ ያሰራት ትንሽ መርከብ ከታች፣ ከላይ ሰማዩን የሞላ ብርሃን። ቸርች መርከቧ የታሰረችበት ቦታ ላይ አልነበረም፣ አይዛክ ሄይስ የሚባለው የአርክቲክ ተጓዥ ጓደኛው ያመጣለትን ንድፍ ይዞ ነው የሠራው። እና ካላየህ፣ ያየ ሰው ጠይቅ፣ ከአንድ ፎቶ ላይ ብቻ አትገልብጥ፣ አምስት ስድስት ፎቶ እይና ዝጋቸው፣ ከዛ ሳል። ከአንድ ፎቶ ከገለበጥክ የሳልከው የዛን ሰውዬ ካሜራ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ስቶክሆልም የምኖር ጡረተኛ ነኝ፣ በውሃ ቀለም ጊዜዬን አሳልፋለሁ። አረንጓዴውንና ቀዩን የአውሮራ ቀለም ጎን ለጎን ሳደርግ የጭቃ ቀለም ይሆንብኛል። ቀለሙ ርካሽ ሆኖ ነው ወይስ እጄ ነው?

መልስ፦ ጋሼ እጅዎም ቀለምዎም ምንም አልሆኑም፣ ይሄ የብርሃንና የቀለም ጠብ ነው። ቀይ መብራትና አረንጓዴ መብራት ግድግዳ ላይ ቢያደራርቡ ቢጫ ይሆናሉ፣ ቀይ ቀለምና አረንጓዴ ቀለም ቢደባልቁ ግን ቡናማ፣ ጭቃ። ሰማዩ ላይ ያለው መብራት ነው፣ እርስዎ እጅ ላይ ያለው ቀለም ነው፣ ስለዚ ሰማዩ የሚያደርገውን በቀጥታ ልድገመው ካሉ ሁልጊዜ ጭቃ ነው። መፍትሔው በሁለቱ መሀል ፈዛዛ ቢጫ የሆነች ጠባብ ቦታ መተው ነው፣ ዓይን ቀሪውን ራሱ ይጨርሰዋል። ቀዩ ደሞ ቦታው ከላይ ነው፣ ሁለቱም ከኦክስጅን ነው የሚመጡት፣ አረንጓዴው ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይደምቃል፣ ቀዩ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ። ከታች ጥለቱ ላይ አልፎ አልፎ የሚታየው ሐምራዊ የናይትሮጅን ነው። ይሄን ቅደም ተከተል ካፋለሱት ሥዕሉ ቀስተ ደመና ይሆናል።

በውሃ ቀለም ደሞ አንድ ነገር ልንገርዎ። ወረቀቱን (በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝነው ወፍራሙ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ቀጭኑ ይጨማደዳል) ሰሌዳ ላይ ይለጥፉት። በንጹህ ውሃ ከጥለቱ መስመር በላይ ያለውን ብቻ ያርጥቡ፣ ከመስመሩ በታች ደረቅ ይሁን። ቢጫ አረንጓዴውን እርጥበቱ ጠርዝ ላይ ያድርጉና ሰሌዳውን ገልብጠው ዘንበል ያድርጉት፣ ላዩ ታች ሆኖ። ቀለሙ በራሱ ጊዜ ወደ ሰማዩ አናት ይፈሳል፣ ጥለቱ ግን ደረቁን ስለማይሻገር ቁልጭ ብሎ ይቀራል። እኔ በብሩሽ ስታገል የኖርኩትን ውሃው በሁለት ደቂቃ ይሠራልዎታል። ከደረቀ በኋላ ነው ቀዩን ከላይ በስሱ የሚያስገቡት፣ እሱም ሲደርቅ ከጥለቱ በታች ያለውን ጨለማ ሰማይ ይቀቡታል፣ እስከ ጠርዙ ድረስ። አይቸኩሉ፣ እርጥብ ላይ እርጥብ ከደረቡ እንደገና ጭቃ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮሎራዶ አውሮራ የምትባለው ከተማ ነው (አዎ፣ ስሟ ነው፣ ሳቁ)። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 2024 ማታ ሁሉም ሰው ውጭ ወጣ፣ በስልክ ሳነሳው ቀይና ሮዝ፣ በዓይኔ ሳየው ግን ነጣ ያለ ጭጋግ ነገር። የትኛውን ነው የምስለው?

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ነው። ጨለማ ውስጥ የሚያይልን የዓይናችን ክፍል ቀለም የመለየት አቅም የለውም፣ ስልኩ ደሞ ብርሃኑን ለሰከንዶች ያጠራቅማል። እናንተ ጋ ቀይ የበዛበት አንዱ ምክንያት ከሩቅ ደቡብ ሆናችሁ ስለምታዩት ነው፣ የታችኛው አረንጓዴ አድማሱ ሥር ይደበቃል፣ ከፍ ያለው ቀዩ ብቻ ብቅ ይላል። ስለዚ የኮሎራዶ አውሮራ ስትስል ቁልጭ ያለ ጥለት አያስፈልግህም፣ ከአድማሱ ተነስቶ የሚፈዝ ቀይ ነው። የፊንላንድን አረንጓዴ መጋረጃ የሮኪ ተራሮች ላይ ሰቅለው የሚሸጡ ሥዕሎች አያለሁ፣ ደስ አይሉኝም።

እኔን ከጠየቅከኝ ለጀማሪ የዓይኑን ይሻለዋል። የስልክ ፎቶ ላይ ያለው ቀለም ሁሉም ቦታ ይጮኻል፣ ዓይን የሚያየው ግን አንድ ቦታ ብቻ ቀለም ጠብ ያለበት ግራጫ ነው፣ እሱን መሳል ቀለም መቆጠብ ያስተምራል። ሃራልድ ሞልትከ የሚባል ዴንማርካዊ ሠዓሊ ከሳይንቲስቶች ጋር እ.ኤ.አ. በ1899 አይስላንድ፣ ቀጥሎም ፊንላንድ ሄዶ ነበር፣ ሥራው አውሮራ መሳል ብቻ፣ ምክንያቱም የዛን ጊዜ ካሜራ ቀለሙን መያዝ አይችልም። የሱን ሥዕሎች ፈልገህ እያቸው፣ እንዴት ዝግ ያሉ መሰሉህ! ብዙዎቹ ግራጫና ፈዛዛ አረንጓዴ ናቸው፣ ግን ብርድ ይሰማሃል።

ውጭ ሆነህ ንድፍ ልትሠራ ከሆነ እርሳስ ያዝ። እኔ ኖርዌይ ትሮምሶ ሄጄ ሦስት ሌሊት ደመና አስቀምጦኝ በአራተኛው ሲገለጥ የያዝኩት እስክሪብቶ ቀለሙ በብርድ እምቢ አለኝ፣ በቁልፌ ጫፍ ወረቀት ስቧጭር አመሸሁ። ዓይንህ ጨለማውን እስኪለምድ 20፣ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፣ ነጭ መብራት አንዴ ካበራህ ከዜሮ ትጀምራለህ፣ ቀይ መብራት ነው የሚያስፈልግህ። ጥለቱ የሄደበትን መስመር ብቻ ንደፍ፣ ከጎኑ ቀለሙን በቃል ጻፍ፣ እዚህ ጋ ደማቅ፣ እዚህ ጋ ጠፋ፣ ምናምን። ቀለሙን ቤት።

ጥያቄ፦ ሰሜን ተራሮች ላይ አውሮራ ብስል ሰው ይስቅብኛል? ሀገሬ ላይ ማየት ስለምፈልግ ነው።

መልስ፦ የሚያውቅ ሰው ይስቃል፣ ምክንያቱም የምድር የማግኔት ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው፣ ሰሜን ዋልታ ጋ ወደ መሬት የሚተከሉት የማግኔት መስመሮች እኛ ጋ ተጋድመው ነው የሚያልፉት፣ እና ያ መጋረጃ የሚወርድበት መንገድ የለውም። ግን ሥዕል ነው እኮ፣ ሕልም መሳል አልተከለከለም፣ ሕልም መሆኑን ብቻ ተናገሪ። ካደረግሽው አይቀር አንድ ነገር ልለምንሽ፣ ከፎቶ ላይ የኖርዌይን ጥድ ገልብጠሽ አትትከይበት፣ ጅብራ አድርጊበት። ያ ረጅም ግንድ፣ አናቱ ላይ ቅጠሉ ተበትኖ፣ ከመሀሉ የአበባው ዘንግ ቀጥ ብሎ፣ ሦስቱ ብቻ በጥቁር፣ አንዱ ጎንበስ ያለ።